ሰማያዊው አንሶላ

ዘነበወርቅ ከገዛ ልጇ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖረች እሱን ማመን ካቆመች ሰነባብታለች። ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ መጀመሪያ የምታየው የመጋረጃውን ጀርባ ነው። ከዚያ የአበባ ማሰሮውን ታገላብጣለች፣ የስኳር ጣሳውን ትከፍታለች፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ የቆመው የሟች ባሏ የጀምበሬ ፎቶ ከትናንት ቦታው ንቅንቅ ብሎ እንደሆነ ታጤናለች። ከዚህ ሁሉ መሀል ባንዱ ውስጥ ስልክ ተሸጉጦ በዚያች ጠባብ ዓይኑ እያያት ይሆናል። ሌላው ሰው ቤቱ ሌባ እንዳይገባበት ይፈራል፤ እሷ የምትፈራው ከውስጥ ያለውን ነው።

የልጇ የኦሪያን ሥራ ምን እንደሆነ ለሚጠይቃት ሰው ስትመልስ ምላሷ ይተሳሰር ነበር። እስራኤል ውስጥ በሚኖሩባት ቂርያት ማላኪ ከተማ የሰው ልጅ ሹፌር ነው፣ ነርስ ነው፣ ፋብሪካ ይገባል፣ ፖሊስ ይሆናል። የሷ ልጅ ከሰው ጆሮ ሳንቲም ያወጣል። ካርታ ይሰውራል፣ ከባዶ ኮፍያ እንቁላል ያወጣል፣ መሀል ላይ ነጠላ ጣል አድርጎ እንደ ባልቴት በአማርኛና በዕብራይስጥ እየቀላቀለ ይለፈልፋል፤ ይህንኑ ሁሉ በስልክ ቀርጾ ታሪክ አበጅቶለት ኢንተርኔት ላይ ይለቀዋል። ከሠራዊት እንደወጣ ሰሞን የወጣትነት ነገር ነው፣ ይተወዋል ብላ ነበር። በኋላ ግን ሰው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ እያስቆመ አብሮት ፎቶ መነሳት ጀመረ፤ ሠርጉም፣ ወንድ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው የሚደገሰው ባር ሚጽቫውም ካላንተ አይሞቅም ማለት መጣ። ኮራችበት ብንል ውሸት አይሆንም፤ ለሱ ግን አንድ ቀንም አልነገረችውም።

ኦሪያን ማንኛውንም ትርዒት ሲጀምር የማይለውጠው ወግ አለው። እጅጌውን እስከ ክርኑ ይሰበስባል፣ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ እያዟዟረ ያሳያል፣ "እዩ፣ ምንም የለም" ይላል። ይኼኔ ተመልካቹ ዓይኑን ያፈጣል። እሱ ምንም የለም ካለ አንድ ነገር መኖሩን የማያውቅ የለማ!

የአንሶላው ጉድ የመጣው በታናሽ እህቱ በኖዓ ሰበብ ነው። ኖዓ ወታደር ናት። ያኔ ሩቅ የጦር ሰፈር መድበዋት ለብዙ ሳምንት ቤቷን ሳታይ ቆይታ፣ ድንገት ፈቃድ ስታገኝ ለወንድሟ ብቻ ነገረችው። እሱም እናቴን ላስደንቃት ብሎ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ደወለ። "ነገ በማለዳ ኑ። ድምፅ እንዳታሰሙ። እሷ እንዳትሰማ" አላቸው። ለምን እንደሆነ አልጨመረም።

እዚህ ሀገር ተወልዶ እዚህ ላደገ ልጅ በዚህ አነጋገር ምንም ጥፋት የለበትም። ከጎንደር ለመጣ ሰው ግን እንዲህ ያለ ጥሪ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ይጠራራል፣ ከየከተማው ይሰበሰባል፣ ሳይነጋ ባለሐዘኗ ደጅ ላይ ይቆማል፣ ከሷ በቀር ሁሉም ያውቃል። "ማን ሞተ?" ብሎ በስልክ መመርመርም ነውር ነው። ስለዚህ ከገዴራ ከተማ የመጡት አያ ደባሱ፣ የባሏ አጎት፣ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ላይ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤቷ የሺመቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወረደች። ሌሎቹም እንደዚያው። አንዳቸውም ሟቹን አያውቁትም፤ ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ነው የመጣው።

ዘነበወርቅ በሩን ከፍታ ያንን ሕዝብ ስታይ፣ በዚያ ማለዳ የምትሰጋለት አንድ ሰው ብቻ ነበራት። "ኖዓ! ልጄን! ልጄን!" ብላ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ፊቷን ነጨች። የመጣውም ሰው እንግዲህ የሞተችው ኖዓ መሆኗን ከሷው አፍ ሰምቶ አብሮ ጮኸ። ኦሪያን ስልኩን መደርደሪያው ላይ ደግኖ ከጓዳ ሲወጣ ለቅሶው ከየት እንደመጣ አልገባውም። ደነገጠ፤ ቶሎ ልጨርሰው ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ፣ መዳፉን አሳየ፣ ባዶውን ሶፋ በሰማያዊ አንሶላ አለበሰው። አንሶላው ቀስ እያለ ተነፋ፣ ትከሻ አወጣ፣ ራስ አወጣ። ሲገፈው ኖዓ በወታደር ልብሷ ተቀምጣ ፈገግ ብላለች።

ያ ቪዲዮ ሀገር አዳረሰ። የማያውቀው ሰው ሁሉ እናትየዋ ከደስታ ብዛት ያበደች መሰለው። "እንዴት ያለች እናት!" እያሉ ጻፉ፣ ሳቁ፣ አለቀሱ፣ ለወዳጆቻቸው ላኩት። አያ ደባሱ ግን ኦሪያንን ደረጃው ላይ ጠርተው፣ "በመርዶ አይቀለድም፣ አንተ ልጅ! ይቺ ሴት ልጇን ቀብራ ነው የተነሳችው" ብለው ተቆጡት። "አላወቅሁም፣ በእውነት አላወቅሁም" አለ። አላወቀም ነበር። ሳያውቅ ግን ታዋቂ ሆኖ ቁጭ አለ።

ዘነበወርቅ የምትሠራው ያቭነ ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ማሸጊያ ፋብሪካ ነው። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ስትደርስ ሴቶቹ ስልካቸውን ዘርግተው ጠበቋት። "ዘነቡ፣ ኮከብ ሁነሻል!" ይሏታል። ያን ለቅሶዋን ከሰው ስልክ ውስጥ፣ ቀጥኖና ሰልሎ ሰማችው። ሳቀችላቸው። ምን ታድርግ? ሆዷ ግን እንደቆሰለ ቀረ።

ይህም ባልከፋ። ወራት ካለፈ በኋላ ኦሪያን እዚያው ያቭነ በትልቅ አዳራሽ ሙሉ ትርዒት ሊያሳይ ሆነ፤ "ኢማ፣ እናቴ፣ ካልመጣሽ አልጀምርም" ብሎ ለምኖ ፊት ወንበር አስቀመጣት። መብራቱ ጠፋ። ግድግዳውን የሚያክል ሸራ ላይ የሷ ፊት ወጣ፤ አፏ ተከፍቶ፣ ጉንጯ ተነጭቶ። "ኖዓ! ልጄን!" የሚለው ድምፅ ከአራቱም ማዕዘን ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ልጇ ነጠላ ተከናንቦ፣ የሷን አረማመድ እየተራመደ መድረክ ላይ ወጣ። ዘነበወርቅ ቦርሳዋን አንስታ በሰው ጉልበት መሀል ተሹለክልካ ወጣች፤ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዛ ቤቷ ገባች። መንገዱን ሙሉ አላለቀሰችም። ማልቀስ ራሱ አሳፍሯት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ኦሪያን እግሯ ሥር ተቀመጠ።

"ኢማ፣ ሁለተኛ አልቀርጽሽም። ቪዲዮዋንም ከትርዒቱ አውጥቻታለሁ። በአባባ ስም!"

"እጅህን አሳየኝ" አለችው።

እሱ፣ ልማድ ክፉ ነው፣ እጅጌውን ሰብስቦ ሁለት መዳፉን ዘረጋላት። "እዪ፣ ምንም የለም።"

"አይ ልጄ" አለች ዘነበወርቅ፣ ከወንበሯ እየተነሳች። "ይኼን ብለህ ያላታለልከው ሰው አለ?"

ቃሉን ጠብቆ ይሆናል። ቤት ውስጥ ስልኩን ገልብጦ ማስቀመጥ ጀመረ፤ እሷ ሳሎን ስትገባ እሱ ይወጣል። ይኸም አሳሰባት። ድሮ ፊት ለፊት ይቀርጸኝ ነበር፣ አሁን ደግሞ ከየት እንደሆነ እንጃ ብላ መጋረጃ መግለጡን፣ ጣሳ መክፈቱን የጀመረችው ያኔ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጭንቀት የምታሳርፋት ታናሽ እህቷ ሸጌ ነበረች። ሸጌ የእስራኤል መግቢያ ፈቃድ ስትጠብቅ ጎንደር ላይ ያረጀች ሴት ናት። ሰነዷ ዛሬ ተገኘ ይባላል፣ ነገ ጠፋ ይባላል። ዓርብ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ትደውላለች። ቪዲዮውን እሷም እዚያው ሆና አይታዋለች፤ ዘነበወርቅ እያለቀሰች ስትነግራት ሸጌ በሳቅ ፍርስ አለች።

"አንቺ ምን ታማርሪያለሽ? ኦሪያንን በይልኝ፣ እኔንም በዚያ አንሶላ ያውጣኝ። የፈቃዱ ቢሮ እንደሁ አላወጣኝ!"

ዘነበወርቅም ሳታስበው አብራት ሳቀች። ስለዚያ ቪዲዮ ከልቧ የሳቀችው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዓርብ በመጣ ቁጥር ሸጌ፣ "አንሶላው ደህና ነው?" ትላታለች፣ እሷም፣ "ታጥቦ ተቀምጧል" ትላለች።

አንድ ዓርብ ሸጌ ሳትደውል ሰንበት ገባ። ሰንበት ሲወጣ ዘነበወርቅ ራሷ ደወለች፤ የሚያነሳ የለም። መስመር ነው ብላ ተወችው። እሑድ ከሥራ ስትመለስ የሺመቤት ከላይ ወርዳ፣ "ስልኬ ተበላሸብኝ፣ እስኪ ያንቺን ለአንድ አፍታ" ብላ ስልኳን ወሰደች። አንድ አፍታው አላልቅ አለ፤ ማታ ስትጠይቃት፣ "ነገ አመጣልሻለሁ፣ ቤሰደር፣ እሺ?" ብላ በሩን ገርበብ አደረገችባት። ዓይኗን ግን አላሳየቻትም።

ሰኞ ኖዓ መጣች፤ በሥራ ቀን፣ ያለ ወትሮዋ። "ፈቃድ ሰጡኝ" አለችና እናቷን አቅፋ ከልክ በላይ ቆየች። ኦሪያንም ጠባዩ ተለወጠ። አይቀልድም። ሳሎኑን ወለወለ፣ ሶፋዎቹን ወደ ግድግዳ ገፍቶ መሀሉን አሰፋ፣ ወንበር ከጎረቤት ተዋሰ። ይኸ ልጅ በሕይወቱ መጥረጊያ ነክቶ አያውቅም። ዘነበወርቅ ከወጥ ቤት ሆና በጎን ዓይኗ ትከታተለዋለች፤ ነገሩ አላማራትም። አመሻሹ ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ደረጃው ላይ ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። እሷም እጇን በመሐረብ እየጠረገች ሄዳ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

"አዎ፣ አያ ደባሱ። ነገ በማለዳ። ሁሉም ይምጡ። እሷ እንዳትሰማ" ይላል ኦሪያን፣ ድምፁን አፍኖ።

አሃ! ዘነበወርቅ ከበሩ ላይ ጆሮዋን አነሳች። ያችው ቃል! ያችው ራሷ! እንግዲህ ስልኬን የወሰዱት፣ ኖዓ የመጣችው፣ ሶፋው የተገፋው ለዚህ ነው። ሸጌ ዓርብ ያልደወለችውስ? በአውሮፕላን መንገድ ላይ ሁና ነዋ! ፈቃዱ ወጥቷል። ሸጌ መጥታለች፤ ምናልባት አሁን ገዴራ አያ ደባሱ ቤት ተደብቃ እንጀራ እየበላች ትሆናለች። ነገ ማለዳ እነዚህ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ፤ እኔ እጮሃለሁ፤ እሱ አንሶላውን ያነሳል፤ ሀገር ይስቃል።

ደሟ ፈላ። ወዲያውም ደስታ ደሟን አቀዘቀዘው፤ እህቷ መጥታለች እኮ! ሁለቱ አብረው ደረቷ ውስጥ ሲተራመሱ ቆዩና አንድ ነገር ቆረጠች። ጩኸት የለም። እንባ የለም። ይኼ ልጅ ሁለተኛ ለቅሶዋን አይወስድባትም። ነገ እሷው ቀድማ ትስቅበታለች።

ጎህ ሳይቀድ ተነሳች። ከኖዓ አልጋ ማዶ ያለውን ትርፍ አልጋ ለሸጌ አነጠፈች፤ ሸጌ ብርድ አትችልም ብላ ሁለት ብርድ ልብስ ደራረበች። ጥልፍ ያለውን ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፣ ፀጉሯን አበጠረች። ሰማያዊውን አንሶላ ከቁም ሣጥን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ አስቀመጠችው፤ ልጁ ፍለጋ እንዳይደክም። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ስትሰማ ማንም ሳያንኳኳ በሩን ብርግድ አደረገችው።

"ግቡ፣ ግቡ! ምን ደጅ ያስቆማችኋል?" አለች፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ።

አያ ደባሱ እግራቸው የበሩ ደፍ ላይ ደረቀ። ከኋላቸው ከገዴራና ከያቭነ የመጡ ዘመዶች፣ አንገታቸውን የደፉ ወንዶች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ደረጃውን ሞልተውታል። ነጭ ለብሳ ስትስቅ ሲያዩ እርስ በርስ ተያዩ። አብራቸው የወረደችው የሺመቤት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዘነበወርቅ ሁሉንም ልብ ብላ አየች፤ ከባለፈው በላይ ተዘጋጅተዋል ስትል አሰበች፤ ዓይናቸው ሳይቀር ቀልቷል።

ገብተው በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። አያ ደባሱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ዘነቡ፣ ልጄ፣ ልብሽን አጽኚ። ሸጌ ሐሙስ ዕለት አርፋለች። ድንገት አሟት ነው። እዚያው ጎንደር ቀበሯት።"

ዘነበወርቅ አጨበጨበች።

"ጎበዝ! አያ ደባሱ፣ እርስዎንም ጨዋታው ውስጥ አስገባዎት? እኔ እኮ እርስዎን አምን ነበር!" ብላ ሳቀች። ሳቋ ክፍሉን ሞላው፤ አብሯት የሚስቅ ግን አልተገኘም። መደርደሪያውን ፈተሸች። ማሰሮውን ገለበጠች፤ አፈሩ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። የጀምበሬን ፎቶ አንስታ ከጀርባው አየች። "የት ነው? ያላ፣ በል፣ ኦሪያን፣ ካሜራው የት ነው?"

ኦሪያን ከጓዳው በር ላይ መጣ። ኪሱን ገለበጠላት፤ ካርታው፣ ሳንቲሙ፣ መሐረቡ ወለሉ ላይ ተበተነ። ስልኩን አጥፍቶ እጇ ላይ አኖረው። ከዚያ ሌላ የሚያሳያት ቢያጣ እጅጌውን ሰበሰበና ሁለት መዳፉን ዘረጋ።

"ኢማ፣ ምንም የለም።"

"ይኸዋ!" አለች ዘነበወርቅ፣ በጣቷ እየጠቆመችው። "ይኸዋ፣ ጀመረ!"

"ኢማ፣ እውነት ነው" አለች ኖዓ። "ዶዳ ሸጌ፣ አክስታችን፣ የለችም። እኔም ለዚሁ ነው የመጣሁት።"

ዘነበወርቅ ልጇን አላየቻትም። አንሶላውን ከጠረጴዛው አንስታ ኦሪያን ደረት ላይ ለጠፈችው። አሁን ሳቋ ቀጥኗል፤ ለመስማት የሚከብድ ሆኗል።

"እንካ። አጥቤዋለሁ። እህቴ ራሷ አውጣኝ ብላሃለች። አልጮህም፣ አላስቸግርህም። ቅረጸኝ ከፈለግህ፣ ፈቅጃለሁ። አውጣት ብቻ።"

ኦሪያን አንሶላውን ያዘው። ሶፋው ላይ አላለበሰውም። ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት በባዶው ወለል ላይ ዘረጋው፣ እሱ ቀድሞ ተቀመጠበት፣ የቀሚሷን ጫፍ ይዞ፣ "ነይ፣ ኢማዬ" አላት።

ተንበረከከች። በመዳፏ አንሶላውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው፤ ማዕዘኑን፣ መሀሉን፣ ከልጇ ጉልበት አጠገብ ያለውን ሽብሽብ። ከሥሩ ንጣፉ ድንጋይ ነበር፣ ቀዝቃዛ። ደግማ ዳሰሰችው። ትከሻ የለም፣ ራስ የለም።

"ጠፍጣፋ ነው" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ከዚያ ለቅሶው ወጣ። "እህቴን! ሸጌን!" የሚለው ድምፅ ከአፏ ሲወጣ አወቀችው፤ ያ የያቭነው አዳራሽ ድምፅ ነበር፣ ያ ከሴቶቹ ስልክ ውስጥ የሚጮኸው፣ አንድም ሳይለወጥ። በድንጋጤ መሀል ላይ አቆመችው። ቀና አለችና አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች፤ አያ ደባሱን፣ የሺመቤትን፣ ኖዓን፣ ግንባሩን ወለሉ ላይ የደፋውን ልጇን። የሚስቅ ሰው እንዳለ ፈለገች።

ማንም አልሳቀም። ያኔ ቀጠለች።